በሦስት ማዕዘን የተደረደሩ ማግኔቶች አሰላለፍ እንዴት ይታወቃል?

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



ባለፈው የትምህርት ዘመን አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችን ሁለት ተማሪዎችን ወደ ሰሌዳው አቅርበው «አንዳችሁ ስትቆሙ ሌላችሁ ተቀመጡ፤ ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት መሆን አይፈቀድላችሁም» ሲሉ አዘዙ። ሁለቱም ትእዛዙን ወዲያው ፈጸሙ። ቀጥለውም አራት ተማሪዎችን በአራት ማዕዘን አድርገው ይህንኑ ቢያዙ፣ አንዱ ቆሞ ቀጣዩ እየተቀመጠ ያለ ችግር ተፈጸመ። በመጨረሻ ሦስት ተማሪዎችን በሦስት ማዕዘን አቆሙ፤ ሦስተኛው እኔ ነበርሁ። አንደኛው ቆመ፤ ሁለተኛው ተቀመጠ። እኔ ብቆም የቆመውን መሰልሁ፤ ብቀመጥ የተቀመጠውን መሰልሁ። የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ሲስቅ እኔ ቆሜም ተቀምጬም ሳልሆን ጎንበስ እንዳልሁ ቀረሁ። መምህራችን ግን «አትሳቁ፤ ጓደኛችሁን የገጠመው ችግር ታላላቅ ሊቃውንትን ከሰባ ዓመት በላይ ያሠራ ችግር ነው» አሉን።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ያን ችግር እኔ በተረዳሁት መጠን ለአንባቢ ለማስረዳት ነው። ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛው፣ በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ጥቃቅን ማግኔቶች እርስ በርሳቸው እንዴት ይስማማሉ? ሁለተኛውና ከባዱ፣ የተስማሙበትን አሰላለፍ በዓይናችን ማየት ሳንችል እንዴት እናውቃለን? በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. ስለ ተደበቀው ማግኔት

እንደ ብረት፣ ክሮሚየምና ማንጋኒዝ ባሉት ንጥረ ነገሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ አቶም በኤሌክትሮኖቹ ምክንያት እንደ ትንሽ ማግኔት ይሆናል። ይህን ትንሽ ማግኔት በሥዕል ስናሳይ ቀስት እናደርገዋለን፤ የቀስቱ ጫፍ የማግኔቱን አቅጣጫ ያመለክታል። ሁላችንም በምናውቀው የብረት ማግኔት ውስጥ ቀስቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሰለፉ ኃይላቸው ተደምሮ ምስማር ይስባል።

ሌላም ዓይነት ቁስ አለ። በዚህኛው ውስጥ እያንዳንዱ ቀስት ከጎረቤቱ ተቃራኒ መሆንን ይመርጣል። አንዱ ወደ ላይ ሲሆን ጎረቤቱ ወደ ታች ስለሚሆን ኃይላቸው ተጣፍቶ ድምሩ ዜሮ ይሆናል። ይህ ዓይነት ቁስ አንቲፌሮማግኔት ይባላል። ጠባዩን በ1930ዎቹ ዓመታት ያስረዳው ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ኔል ሲሆን፣ ስለ ማግኔት ባደረገው ምርምር በ1970 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ሙቀት ቀስቶቹን ስለሚያንቀጠቅጣቸው አሰላለፉ የሚጸናው ቁሱ ከአንድ የተወሰነ ሙቀት በታች ሲቀዘቅዝ ነው፤ ይህም በስሙ የኔል ሙቀት ተብሎ ይጠራል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ቀስቶቹ ፍጹም በሆነ ሥርዓት ቢሰለፉም ምስማር ወደ ቁሱ አይሳብም። ቀስቶቹ ያለ ሥርዓት ቢበታተኑም ምስማሩ አይሳብም። ስለዚህ ሥርዓት ያለውና ሥርዓት የሌለው ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የመርማሪው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

2ኛ. የሦስት ጉልቻ ነገር

እናቶቻችን ድስት የሚጥዱባቸውን ሦስት ጉልቻዎች እናስብ። በእያንዳንዱ ጉልቻ ላይ አንድ ቀስት አለ እንበል፤ እያንዳንዱም ቀስት ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ተቃራኒ መሆን ይፈልጋል። ቀስቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚያመለክቱ ከሆነ የእኔ የሰሌዳው ዕጣ ይደርሳቸዋል፤ ሁለቱ ሲስማሙ ሦስተኛው የሚሆንበት ያጣል። ሊቁ ግሪጎሪ ዋኒየር በ1950 ይህን ነገር በሒሳብ መርምሮ፣ በሦስት ማዕዘን መረብ ላይ ያሉ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚሉ ቀስቶች፣ ከቅርብ ጎረቤታቸው በቀር የሚያስገድዳቸው ከሌለ፣ ሙቀቱ እስከ ፍጹም ዜሮ ቢወርድ እንኳ በአንድ ሥርዓት እንደማይጸኑ አሳየ።

ነገር ግን በብዙ ቁሶች ውስጥ ቀስቶቹ ወደ ፈለጉበት አቅጣጫ መዞር ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ዕርቅ ይገኛል። ሒሳቡ ለእኛ ክፍል የሚከብድ አይደለም። ሁለት ጎረቤታሞች ፍጹም ተቃራኒ ሲሆኑ ጉልበታቸው በ1 ይቀንሳል፤ አንድ ዓይነት ሲሆኑ በ1 ይጨምራል እንበል። ሁለት ቀስቶች ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ቢሆን ሁለት ጎኖች 1 እና 1 ይቀንሳሉ፤ ሦስተኛው ጎን 1 ይጨምራል፤ ድምሩ የ1 ቅናሽ ነው። ሦስቱ ቀስቶች ግን እርስ በርሳቸው በ120 ዲግሪ ቢለያዩ፣ የ120 ዲግሪ ኮሳይን ከዜሮ በታች ግማሽ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ጎን ግማሽ ይቀንሳል፤ ድምሩም የ1 ተኩል ቅናሽ ይሆናል። ተፈጥሮ ዝቅተኛውን ጉልበት ስለምትመርጥ ሁለተኛውን ትወስዳለች። ማንም ፍላጎቱን በሙሉ አላገኘም፤ ማንም ደግሞ ባዶ እጁን አልቀረም። በዚያን ቀን ጎንበስ ማለቴ እንግዲህ እንደ ታሰበው ሞኝነት አልነበረም!

3ኛ. ስለ ንብርብሩ

አሁን ከአንድ ሦስት ማዕዘን ወደ ሙሉ ቁስ እንለፍ። ለምሳሌ ሁለት ቁሶችን እንውሰድ። አንደኛው ከመዳብ፣ ከክሮሚየምና ከኦክሲጅን የተሠራ ነው፤ ሁለተኛው ከመዳብ፣ ከብረትና ከኦክሲጅን። ሁለቱም በክሪስታል አሠራራቸው ወንድማማች ናቸው። የክሮሚየሙ ወይም የብረቱ አቶሞች በአንድ ንጣፍ ላይ በሦስት ማዕዘን ተደርድረው፣ ከአንዱ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 3 አንግስትሮም ያህል ነው፤ አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ከአንዱ ንጣፍ እስከ ቀጣዩ ንጣፍ ግን 5.7 አንግስትሮም ያህል ሲሆን፣ በመካከላቸው መዳብና ኦክሲጅን ይገኛሉ። በመሶብ ውስጥ እንደ ተደራረበ እንጀራ አድርጎ ማሰብ ይቻላል።

በአንድ ንጣፍ ላይ ያሉት ጎረቤታሞች በብርቱ ይነጋገራሉ፤ በሁለት ንጣፎች መካከል ያለው ንግግር ግን እንደ ሹክሹክታ ነው። ከዚህም በላይ የላይኛው ንጣፍ አቶም የሚቀመጠው ከታችኛው ንጣፍ ሦስት አቶሞች መካከል በላይ ነው። የታችኞቹ ሦስት ቀስቶች በ120 ዲግሪ ተሰልፈው ከሆነ ድምራቸው ዜሮ ነው፤ ስለዚህ የላይኛው ቀስት ከእነዚህ ሦስቱ ምንም ዓይነት ትእዛዝ አይሰማም። ንጣፎቹ እንዴት እንደሚስማሙ አስቀድሞ መገመት የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

የችግሩም ምልክት በሙቀት መለኪያ ይታያል። በክሮሚየሙ ቁስ ውስጥ ጎረቤታሞች እርስ በርሳቸው የሚገፋፉበት ብርታት በሙቀት ሲገለጽ ከ150 ኬልቪን ይበልጣል። ነገር ግን ሥርዓት የሚይዙት 24 ኬልቪን ገደማ ሲደርሱ ብቻ ነው። በፍላጎትና በስምምነት መካከል ያለው ይህ ሰፊ ርቀት ቀስቶቹ ምን ያህል እንደ ተቸገሩ ይነግረናል። የተስማሙበትን አሰላለፍ ግን አይነግረንም።

4ኛ. ኒውትሮን የሚባለው ምስክር

በተራ ብርሃን የምናየው ነገር ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት እጅግ ካነሰ ተለይቶ አይታይም፤ የአቶሞች ርቀት ደግሞ ከብርሃን ሞገድ በሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ኤክስሬይ ሞገዱ አጭር ስለ ሆነ አቶሞች የት እንደ ተቀመጡ ያሳያል፤ ነገር ግን በአብዛኛው የሚያየው ኤሌክትሮኖቹን ራሳቸውን እንጂ የማግኔታቸውን አቅጣጫ አይደለም።

ጄምስ ቻድዊክ በ1932 ያገኘው ኒውትሮን ለዚህ ሥራ የተመቸ ሆነ። የኤሌክትሪክ ሙል የለውም፤ ስለዚህ ወደ ቁሱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ራሱ ግን ትንሽ ማግኔት ስለ ሆነ የቀስቶቹን አቅጣጫ ይለያል። በአቶም ሪአክተር ውስጥ ተወልዶ ፍጥነቱ ሲቀንስም የሞገዱ ርዝመት ከአቶሞች ርቀት ጋር የተቀራረበ ይሆናል።

ክሊፎርድ ሸልና ሳሙኤል ስማርት በአሜሪካ አገር በኦክ ሪጅ የማንጋኒዝ ኦክሳይድን ዱቄት በኒውትሮን መርምረው ውጤቱን በ1949 አወጡ። ቁሱ በክፍል ሙቀት ሳለ ኒውትሮኖቹ በተወሰኑ ማዕዘኖች ብቻ በርክተው ስለ ወጡ በግራፉ ላይ ጉብታዎች ታዩ። ቁሱን እስከ 80 ኬልቪን ሲያቀዘቅዙት ቀድሞ ምንም ባልነበረበት ስፍራ አዲስ ጉብታ በቀለ። አቶሞቹ ከስፍራቸው እምብዛም አልተንቀሳቀሱም፤ አዲስ ነገር ያመጡት ቀስቶቹ ናቸው። የአዲሶቹ ጉብታዎች ስፍራ ሲሰላ ቀስቶቹ የሚደጋገሙበት ርዝመት የአቶሞቹ መደጋገሚያ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ኔል በሐሳብ ያየው ተቃራኒ አሰላለፍ በመሣሪያ ታየ። ሸልም በኒውትሮን ምርምሩ በ1994 ከበርትራም ብሮክሃውስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ይህን በሦስት ማዕዘን መረብ ላይ እናስላው። ደንቡ የብራግ ደንብ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት የረድፎቹ ርቀት እጥፍ በግማሹ የመዞሪያ ማዕዘን ሳይን ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። የአቶሞቹ ርቀት 3 አንግስትሮም፣ የኒውትሮኑ ሞገድ 2.4 አንግስትሮም ይሁን፤ ሒሳቡ እንዲቀልም አንድ ንጣፍ ብቻ እናስብ። የአቶሞቹ ረድፎች ርቀት 2.6 አንግስትሮም ስለሚሆን ኒውትሮኑ 55 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ቀስቶቹ በ120 ዲግሪ ዕርቅ ከተሰለፉ በየሦስት አቶም ይደጋገማሉ፤ የረድፎቹ ርቀት 4.5 አንግስትሮም ሆኖ አዲስ ጉብታ በ31 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። በየአራት አቶም ከተደጋገሙ ግን ርቀቱ 6 አንግስትሮም፣ ጉብታውም በ23 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በእውነተኛው ክሪስታል የንጣፎቹ መደራረብ እነዚህን ማዕዘኖች ቢያዛውራቸውም መንገዱ ይኸው ነው። የጉብታው ስፍራ ቀስቶቹ በስንት አቶም እንደሚደጋገሙ ይነግረናል።

የጉብታው ቁመትም የራሱን ይናገራል። ኒውትሮን የሚያየው የቀስቱን አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም ከምንለካቸው ረድፎች ርቀት አቅጣጫ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራውን ክፍል ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ጉብታ ከፍ፣ አንዳንዱ ዝቅ ማለቱን አይቶ ቀስቶቹ በንጣፉ ላይ ተኝተው ወይም ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ መገመት ይቻላል።

5ኛ. ሁለቱ ወንድማማቾች ሲለያዩ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። በእነዚህ ቁሶች ግን ጉልቻው ሲለወጥ ወጡም ይለወጣል። በክሮሚየሙ ቁስ ጉብታው የተገኘው የ120 ዲግሪው ዕርቅ ሊያወጣው ከሚገባው ስፍራ አጠገብ ነው፤ ነገር ግን በትክክል በዚያ ላይ አይደለም። የመደጋገሚያው ቁጥር አንድ ሦስተኛ፣ ማለት 0.333 መሆን ሲገባው 0.329 ሆኖ ተለካ። ይህም ማለት በሦስት ማዕዘኑ በአንደኛው ጎን ከአንዱ አቶም ወደ ቀጣዩ ስንሄድ ቀስቱ 120 ሳይሆን 118.4 ዲግሪ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ከላይ ባሰላነው ምሳሌ ይህ ልዩነት ጉብታውን የሚያዛውረው ግማሽ ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ነው። በችኮላ የለካ ሰው ሳያየው ያልፍ ነበር።

በብረቱ ቁስ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ከ14 ኬልቪን በታች አንድ ጊዜያዊ አሰላለፍ ይይዛል፤ ከ11 ኬልቪን በታች ግን ቀስቶቹ ከንጣፉ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ በአንደኛው ጎን ስንሄድም ሁለት ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች እየሆኑ በየአራት አቶም ይደጋገማሉ። በእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ሁለት ተመሳስለው አንዱ ይለያል። ዕርቁን ትተው እንደ ሰሌዳው ጨዋታ ቆመውና ተቀምጠው ቀሩ ማለት ነው። ይህ የሆነው ከቅርብ ጎረቤት አልፎ የሩቅ ጎረቤትም ድምፅ ስለሚሰማና ክሪስታሉ ራሱ በዚያው ጊዜ ቅርጹን በጥቂቱ ስለሚለውጥ ነው። እንግዲህ በቅርብ ጎረቤቶች ሒሳብ ብቻ ተማምኖ «ሦስት ማዕዘን ከሆነ አሰላለፉ 120 ዲግሪ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ሄዶ መለካት ያስፈልጋል።

6ኛ. ምስክሩ ራሱ ሲያሳስት

አሁን ስሕተቴን ልናገር። መምህራችን ኢትሪየም፣ ማንጋኒዝና ኦክሲጅን ያሉበትን የአንድ ቁስ የጉብታዎች ቁመት በሠንጠረዥ አድርገው ሰጡን። በዚህም ቁስ የማንጋኒዝ አቶሞች በንጣፍ በንጣፍ በሦስት ማዕዘን ተቀምጠዋል፤ ከ70 ኬልቪን ገደማ በታችም ቀስቶቻቸው በ120 ዲግሪ ይሰለፋሉ። ከሠንጠረዡ ጋር አንድ የቀስቶች ሥዕልና ከሥዕሉ የተሰላ ቁመት ነበረ። አስተያየሁና ቁጥሮቹ ስለ ተስማሙ ከታች «አሰላለፉ ተረጋገጠ» ብዬ በትልቁ ጻፍሁ። መምህራችን ቃሌን ሳይሰርዙ ሌላ ሥዕል ከጎኑ አስቀመጡልኝ። በዚህኛው ቀስቶቹ ሁሉ በንጣፉ ላይ ሩብ ዙር ዞረዋል፤ የላይኛው ንጣፍ ከታችኛው ጋር ያለውም ዝምድና ተለውጧል። የተሰላው ቁመት ግን ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነበር ማለት ይቻላል!

ይህ የተማሪ ወጥመድ ብቻ አይደለም። የዚህን ቁስ አሰላለፍ ሊቃውንት ከ1960ዎቹ ጀምረው በኒውትሮን ሲመረምሩት፣ በንጣፉ ላይ ያለው የቀስት አቅጣጫና በንጣፎቹ መካከል ያለው ዝምድና አንዱ የሌላውን ልዩነት እየሸፈነ ሁለት ልዩ ልዩ አሰላለፎች አንድ ዓይነት ጉብታ ይሰጡ ነበር። በ2000 ሌላ ምስክር ተጠራ፤ እርሱም የሌዘር ብርሃን ነው። ብርቱ ብርሃን ወደ ክሪስታሉ ሲገባ ከፊሉ ድግግሞሹ እጥፍ ሆኖ ይወጣል፤ የሚወጣውም ብርሃን የሚወዛወዝበት አቅጣጫ በቀስቶቹ አሰላለፍ ይወሰናል። ጉብታቸው የማይለየው ሁለቱ አሰላለፎች በዚህ ብርሃን ፊት ይለያያሉ። ደግሞም ኒውትሮኖቹ ወደ ቁሱ ከመግባታቸው በፊት የራሳቸውን ማግኔት ወደ አንድ አቅጣጫ አሰልፎ፣ ሲወጡ ወዴት እንደ ዞረ መለካት ይቻላል። ይህም ዘዴ በዚሁ ቁስ ላይ ተሠርቶበት ውጤቱ በ2006 ወጥቷል።

7ኛ. የመንገዱ ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአጭሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው።

ሀ) ቁሱን እያቀዘቀዙ ማግኔታዊ ጠባዩን በመለካት ሥርዓት የሚይዝበትን ሙቀት ማግኘት፤

ለ) በኒውትሮን መርምሮ ከዚያ ሙቀት በታች ብቻ የሚታዩትን አዲስ ጉብታዎች መለየት፤

ሐ) ከጉብታዎቹ ስፍራ ቀስቶቹ በንጣፉ ላይና ከንጣፍ ወደ ንጣፍ የሚደጋገሙበትን ርዝመት ማስላት፤

መ) ከጉብታዎቹ ቁመት የቀስቶቹን አቅጣጫ መገመት፤

ሠ) ይህንኑ ጉብታ የሚሰጥ ሌላ አሰላለፍ እንዳለ መፈለግ፤ ካለም ሁለቱን የሚለይ ሌላ ምስክር መጥራት።

አምስተኛውን ሰው ቶሎ ይረሳዋል፤ እኔም ረስቼው ነበር። መምህራችን በመጨረሻ በደብተሬ ላይ «ተረጋገጠ» የሚለውን ቃል በቀይ ቀለም ሰርዘው በላዩ «ይስማማል» ብለው ጻፉ። መጀመሪያ ላይ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ሳስበው የትምህርቱ ሁሉ ፍሬ በዚያ ነው። «ይስማማል» ማለት ያየሁት ነገር ሐሳቤን አልተቃወመም ማለት ነው። «ተረጋገጠ» ማለት ግን ሌሎቹን ሐሳቦች ሁሉ መርምሬ ውድቅ አድርጌአለሁ ማለት ነው። በዳኝነትም ቢሆን አንድ ምስክር የተናገረው ሁለት ተከሳሾችን እኩል የሚመለከት ከሆነ አስተዋይ ዳኛ ሌላ ምስክር ይጠራል እንጂ ፈጥኖ አይፈርድም። በዓይን የማይታየውን ለማወቅ የተነሣ ተማሪም እንዲሁ መሆን ይገባዋል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ጽሑፌን ከመፈጸሜ በፊት አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። አምስት ተማሪዎች በክብ ቆመው እያንዳንዱ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱ ጋር ብቻ «አንዱ ሲቆም ሌላው ይቀመጥ» ቢባሉ ትእዛዙ ይፈጸማልን? ስድስት ቢሆኑስ? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ለሰባት፣ ለስምንትና ለማንኛውም ቁጥር የሚሆን አንድ ደንብ ፈልጉ። ደንቡንም ስታገኙ ከደብተራችሁ ሥር «ተረጋገጠ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስቡ።